ስለ ምክርና ስለ ተራ

የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ወደ ርእሰ ከተማው ሲዘልቅ በአለፈባት፣ ኋላም ፋብሪካዎች በተተከሉባት በአቃቂ ቃሊቲ፣ ከየአውራጃው የመጣ፣ ልሳኑና ልማዱ የተለያየ ሠራተኛ ጎን ለጎን ሆኖ ይውላል። እንዲህ ያለው ሕዝብ ለምክር በተሰበሰበ ጊዜ ጥቂቶች ተናግረው ብዙዎች አንገታቸውን ደፍተው የሚወጡት ስለ ምን ነው ብሎ መጠየቅ የሃይማኖትም ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንቶቻችን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፣ ይኸውም ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ሆና ትኖራለች ብለው ሲያስተምሩ ለሹም ብቻ አላሉምና።

በዘመናችን ዐውደ ጥናት የሚመሩ አወያዮች ለዚህ ዝምታ ያዘጋጁት መድኃኒት ብዙ ነው፤ ተሰብሳቢውን በትንንሽ ቡድን ይከፍሉታል፣ ስሙን ሳይጽፍ ሐሳቡን በወረቀት አስፍሮ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ ያደርጉታል፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲጫነውም በጨዋታ ያነቁታል። ይህን መናቅ አይገባም፤ በአለቃው ፊት ለመናገር የሚፈራ ሰው ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ሲሆን አፉ ይፈታልና። ብልሃቱም ጥንታዊ ነው፤ ሙሴ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ ሲደክም ያየው አማቱ ዮቶር የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃ እንዲሾም መክሮታል። ነገር ግን ዮቶር ሕዝቡን ከፋፍለህ አነጋግር ብሎ አልቀረም፤ ታናሹን ነገር እነርሱ ይፍረዱ ብሎ ፍርዱን ጭምር አካፈለ እንጂ።

የጽዋ ማኅበራችን ይህን ሥርዓት በራሱ መንገድ ጠብቆ ኖሯል። በወር በወሩ፣ በ12 በቅዱስ ሚካኤል ወይም በ21 በእመቤታችን ስም የሚሰበሰቡ ማኅበርተኞች ሙሴ የሚሉት አለቃ አላቸው፤ ሆኖም ድግሱ በሙሴው ቤት ብቻ አይደገስም፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራልና ዛሬ እንግዳ ሆኖ የጠጣው በተራው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ማኅበሩን ይቀበላል። በዚያች ዕለት ባለጸጋው የድኻው እንግዳ ነው፤ በሰው መካከል ለመናገር የሚያፍረውም በገዛ ቤቱ ባለቤት ነውና «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ሳይል አይውልም። አንደበቱን የከፈተለት የማንም ማባበያ አይደለም፤ የተሸከመው ኃላፊነት ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 በተጻፈው በኢየሩሳሌሙ ጉባኤም፣ ያዕቆብ ፍርዱን የተናገረው ብዙ ክርክር ከተደረገ፣ ጴጥሮስ ከተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስም በአሕዛብ መካከል የሆነውን ከተረኩ በኋላ ነበር። ፍርዱን አስቀድሞ በልቡ ዘግቶ ቢመጣ ኖሮ፣ ክርክሩ ሁሉ የጉባኤ ጌጥ ሆኖ በቀረ ነበር።

ነገሩን በቢሮው ቆርጦ ሳለ ሠራተኛውን «ሐሳብህን ስጥ» የሚል አለቃ እንግዲህ፣ ወረቀቱ በቀለም ቢያምር፣ ጨዋታው ቢያስቅ፣ በሐሰት ከመመስከር አይርቅም፤ ለምክር የተጠራውም ይህን በልቡናው ያውቃልና ዝምታው ስንፍና ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም። ስለዚህ ጉባኤ የሚጠራ ሰው ስለ ወንበሩ አቀማመጥና ስለ ማነቃቂያው ከማሰቡ በፊት፣ እነዚህ ሰዎች ሊለውጡት የምፈቅደው ነገር ምንድን ነው ብሎ ኅሊናውን ይመርምር። አንዳች ካገኘ እርሱን ያካፍላቸው፤ ምንም ካላገኘ ግን ትእዛዙን ትእዛዝ ብሎ ያንብብ፤ በግልጥ የታዘዘ ሰው፣ መካሪ ተብሎ ከተታለለ ሰው ይልቅ ክብሩ ተጠብቆለታልና።