ከገበሬው ጋር ተካፋይ መሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ እግዚአብሔር አምላካችን አዳምን በፈጠረው ጊዜ የምድርን ቡቃያና የዛፍን ፍሬ ለመብል ሰጠው፤ ገነትንም እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት በውስጧ አኖረው (ዘፍ. 1፥29፤ 2፥15)። መብልና ሥራ ከጥንት ጀምሮ አብረው የተሰጡ ናቸው። ዛሬ ግን በታላላቅ ከተሞች የሚኖር ሰው ጎመኑን ከሱቅ መደርደሪያ ሲያነሣ ማን እንደ ዘራው፥ ማን እንደ ኰተኰተው አያውቅም። ዋጋውን ከፍሏልና ለገበሬው ሌላ ዕዳ ያለበት አይመስለውም።

ይህን መለያየት ለማስወገድ በጃፓን አገር በ1970ዎቹ ዓመታት ተመጋቢዎችና ገበሬዎች «ተይኬይ»፥ ይኸውም ትብብር፥ በሚባል ስምምነት ተሳሰሩ። በአሜሪካም በ1986 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሻየር ሁለት እርሻዎች ይህን የመሰለ ማኅበር ጀመሩ፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ ስፍራ ተስፋፋ። ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ማኅበርተኞቹ ገና ዘር ሳይዘራ የዓመቱን ድርሻ ለገበሬው ይከፍላሉ፤ እርሱም በዚህ ገንዘብ ዘር ይገዛል፥ መሬቱን ያዘጋጃል። አትክልቱ ሲደርስ ሰላጣውን፥ ቆስጣውን፥ ካሮቱንና ቀይ ሥሩን በየሳምንቱ እያከፋፈለ ይሰጣቸዋል። ከእነዚህ እርሻዎች ብዙዎቹ ምድሪቱን የሚመግቧት በፍግና በብስባሽ እንጂ በፋብሪካ ማዳበሪያ አይደለም፤ አትክልቱም ሳይጠወልግ ለማዕድ ይደርሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ምርቱ ሲበዛ ሁሉም አብዝተው፥ በረዶ ወይም ድርቅ ሲመታው ሁሉም አሳንሰው ይወስዳሉ።

በዚያ አገር የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በእንዲህ ያለ ማኅበር ቢገቡ ጊዜው ራሱ ያስተምራቸዋል። ድርሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ብርዱ ገና ሳይለቅ፥ 55 ቀን የሆነውን ዐቢይ ጾም በምንጾምበት ወራት ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ በእርሻው ላይ የሚታይ ፍሬ የለም። ጾመ ፍልሰታ፥ ማለት ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን፥ በደረሰ ጊዜ ግን ቲማቲሙ፥ ቃሪያውና ፎሶልያው ሞልቶ ይገኛል። ያላየውን ተስፋ አድርጎ የሰጠ ሰው በጾሙ ማዕድ ላይ ያገኘዋል። ሐዋርያው ያዕቆብም ዝናሙን በትዕግሥት የሚጠብቀውን ገበሬ ምሳሌ አድርጎ ሰጥቶናል (ያዕ. 5፥7)።

ነገር ግን አትክልት መብላት ብቻውን ጽድቅ አይደለም። ዳንኤልና ጓደኞቹ ከንጉሡ ማዕድ ርቀው 10 ቀን ጥራጥሬ ቢበሉ ፊታቸው አማረ (ዳን. 1፥8–16)። አክዓብም አትክልት ወደደ፤ የናቡቴን የወይን ቦታ የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ተመኘ፥ በዚህም ምክንያት የንጹሕ ሰው ደም ፈሰሰ (1ነገ. 21)። አክዓብ አትክልቱን ፈለገ፥ ባለ ርስቱን ግን አልፈለገም። እኛስ የጾም ጎመናችን እንዲረክስልን ብቻ እየተመኘን ገበሬው ቢከስር ግድ የማይለን ከሆነ ከማን ወገን ነን?

የማኅበርተኛው ፈተና የሚመጣው በረዶ በመታው ሳምንት ነው። ድርሻውን ተቀብሎ ጥቂት ድንችና አንድ ጥቅል ጎመን ብቻ ቢያገኝ «ገንዘቤን ከፍዬ ለምን ይህ ብቻ?» ብሎ ያጕረመርም ይሆናል። እንዲህ ካለ ገዢ ነበረ እንጂ ተካፋይ አልነበረም። አንዱ ብልት ሲታመም ሌሎቹ አብረው እንዲታመሙ ቅዱስ ጳውሎስ አስተምሮናል (1ቆሮ. 12፥26)። የአገራችን ገበሬስ በደቦና በወንፈል የወንድሙን አዝመራ እንደ ራሱ አዝመራ አድርጎ ያጭድ የለምን?

ደግሞም ከመድኃኒትና ከመርዝ የነጻ መብል የሚበላ ሰው ከትዕቢትም ይንጻ። ድርሻውን አስቀድሞ ለመክፈል የማይችል ድኻ ጎረቤት አለና፥ የቻለ የእርሱንም ይክፈልለት፤ ያልቻለ ከሣጥኑ ያካፍለው። የእርሻን ዳርቻ ለድኻና ለመጻተኛ መተው የቀደመ ሕግ ነው (ዘሌ. 19፥9–10)።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ዘወትር እንጸልያለን። ምእመናን ለዚህ ጸሎት አሜን ሲሉ በልባቸው የአንድ ገበሬ ፊት እንዲታያቸው አስተምሯቸው። ምእመናንም ሆይ፤ ልጆቻችሁን ወደ እርሻው ውሰዱ፥ አፈሩን በእጃቸው ይንኩ፤ ምርት ባነሰበትም ዓመት ገበሬውን አትተዉት።

ዘርን ለዘሪው፥ እንጀራንም ለተራበው የሚሰጥ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክ፤ በማዕዳችን ፍቅርን ያኑርልን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፥ ለዘለዓለሙ አሜን።