በአንድ ማዕድ መኖር



የመጀመሪያዎቹ አማኞች ያላቸውን የጋራ አድርገው፣ እንጀራም በየቤቱ እየቈረሱ ይኖሩ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ስናነብ፣ ብዙዎቻችን ያለፈ ዘመን ታሪክ ይመስለናል። በዘመናችንም ይህን ኑሮ የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዣን ቫኒየ የተባለ ምእመን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሁለት ሰዎች ከማቆያ ተቋም አውጥቶ፣ ከፓሪስ በስተሰሜን በምትገኘው በትሮዝሊ ብረይ መንደር አብሯቸው መኖር ጀመረ። ቤቱን ላርሽ አለው፤ እንደ ኖኅ መርከብ ማለቱ ነው። በዚያ ረዳትና ተረጂ ማዕድ አይለዩም፤ አብረው ያበስላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ይጸልያሉ፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉም። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዙ አገሮች ይገኛሉ።

መሥራቹ በ2019 ካረፈ በኋላ ግን ማኅበሩ ራሱ ያስጀመረው ምርመራ፣ ሰውየው በመንፈሳዊ ምክር ስም በሴቶች ላይ ወሲባዊ በደል መፈጸሙን በ2020 ይፋ አደረገ። በ2023 የወጣው ዘገባ የተበደሉትን ሴቶች ቍጥር 25 አድርሶታል። ስሙን በምሳሌነት ለሚጠሩ መምህራን ይህ መራራ ነው፤ ሆኖም የተበደሉት እኅቶቻችን ናቸውና ልንሸፋፍነው አይገባንም። ማዕዱስ? ማዕዱ አልታጠፈም። ድሮም ቢሆን የሚያቆመው ድስቱን የሚያማስለው፣ የደከመውንም የሚያለብሰው እጅ ነበር፤ ዝነኛው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ በየቁምስናችን አብረን እንኑር፣ ቤት እንክፈት የሚሉ ወጣቶች ሲመጡ በደስታ እንቀበላቸው። ስለ ጸሎት ሰዓታቸው ከመጠየቃችን አስቀድመን ግን ይህን እንጠይቃቸው፤ ገንዘቡን የሚቈጣጠረው ማን ነው? ኃላፊው የሚያገለግለው እስከ መቼ ነው? በመካከላችሁ የተበደለ ሰው ከቤቱ ውጭ ለማን ይናገራል?