ማሳረፍ ሁሉ ማክበር ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

የተወደዳችሁ ምእመናን! አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፡፡ ሁላችንም በእናታችን ጉያ ሳለን የሰማነው ነው፡፡ የሚያስቸግረው "እናክብር ወይ?" የሚለው ሳይሆን "እንዴት እናክብር?" የሚለው ነው፡፡ ስለዚህ በዚህ የጾም ወራት አንድ ጥያቄ አብረን እንድንመረምር እወዳለሁ፡፡ ያረጁ ወላጆቻችንን ከሥራም፣ ከመንገድም፣ ከመንቀሳቀስም ማሳረፍ በእርግጥ እነርሱን ማክበር ነውን?

"ይረፉ እንጂ!"

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ያለውን ልማድ እንመልከት፡፡ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላና ማሾ ሲያርሙ፣ ሽንኩርት በመስኖ ሲያጠጡ ኖረዋል፡፡ እናትም ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ገበያ ሲወርዱ ኖረዋል፡፡ ስድሳውን ሲያልፉ ልጆች ይደርሱና "አባባ ይረፉ እንጂ! እማማ ቁጭ ይበሉ፣ እኛ ምን ሠርተን?" ይላሉ፡፡ መልካም ነው፤ ምርቃትም ያስገኛል፡፡ ከዚያ በኋላ ግን አባት ማሳውን ዞሬ ልምጣ ቢሉ ይከለከላሉ፡፡ እናት ምስር ልልቀም ቢሉ ሰፌዱ ከእጃቸው ይወሰዳል፡፡ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብለው ሲነሡም ባጃጅ ደጃፍ ላይ ይቆምላቸዋል፡፡ አንድ ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ፣ ማሳ ሲዞሩ ይውሉ የነበሩት አባት ከመደብ ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋሉ፡፡ እኛም "ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው" ብለን እንተወዋለን፡፡

እርጅና ብቻ ግን አይደለም፡፡ ሥጋችን ሲሠራበት እንዲጸና ሆኖ ተፈጥሯል፡፡ ጡንቻ ካልሠራ ይሟሽሻል፤ አጥንት ክብደት ካልቻለ ይሳሳል፤ መገጣጠሚያ ካልታጠፈ ይደርቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ ከእግራቸው ሥጋ 1 ኪሎ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል፡፡ 10 ቀን እንዲህ ካደረገ፣ ዓመት ሙሉ መደብ ላይ መዋል ምን እንደሚያደርግ አስቡት፡፡ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፣ አበልም አለው፡፡ ጉልበትን ጡረታ ካወጡት ግን አበል አይከፍልም፡፡

ካሌብና ቤርዜሊ

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት አረጋውያንን ያሳየናል፡፡ ካሌብ 85 ዓመት ሲሆነው ወደ ኢያሱ ቀረበ፡፡ የለመነው ጥላ ያለበት ማረፊያ አይደለም፤ ጠላት ገና ያልለቀቀውን ተራራማ አገር ነው፡፡ ሙሴ በ40 ዓመቱ ለስለላ ሲልከው የነበረው ኃይል አሁንም እንዳለው መሰከረ (ኢያ. 14፡6-12)፡፡ እስቲ ከቆላችን ሆናችሁ ወደ ጣርማበር ቀና በሉና የ85 ዓመት ሽማግሌ "ያንን ተራራ ስጡኝ" ሲሉ ይታያችሁ!

ቤርዜሊ ደግሞ የ80 ዓመት ሰው ነበር፡፡ ንጉሥ ዳዊትን በስደቱ ጊዜ መግቦታል፡፡ ዳዊት ሲመለስ ኢየሩሳሌም ወስጄ ልጡርህ ቢለው ግን አልተቀበለም፡፡ ዕድሜው መግፋቱን፣ የምግብን ጣዕም መለየት እንኳ እንዳቃተው አልሸሸገም፡፡ ሆኖም ንጉሡን ለመሸኘት እስከ ዮርዳኖስ ወረደ፤ ከሸኘም በኋላ ወደ ገዛ አገሩ ተመለሰ (2ኛ ሳሙ. 19፡31-39)፡፡ ካሌብ ጉልበቱን ለሥራ አቀረበ፤ ቤርዜሊ አቅሙን ዐውቆ የቻለውን ያህል ሄደ፡፡ ልብ በሉ! ዳዊት ቤርዜሊን ያከበረው በግድ ወስዶ በማስቀመጥ ሳይሆን ምርጫውን በመቀበል ነው፡፡

ያሳረፍነው ማንን ነው?

ራሳችንን እንመርምር፡፡ "ይረፉ" የምንለው ሁልጊዜ ለእነርሱ አዝነን ነው ወይ? አንዳንዴ ስለሚዘገዩብን ነው፡፡ ከእናታችን ጋር በእግር ብንሄድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ በባጃጅ ግን አምስት ደቂቃ ነው፡፡ አንዳንዴም ሐሜት ፈርተን ነው፤ "ልጆች እያሏቸው ሽማግሌውን ያሠሯቸዋል" እንዳይባል፡፡ እንዲህ ከሆነ ያሳረፍነው ራሳችንን፣ ያከበርነውም ስማችንን ነው፡፡ ሰው ቀለብ ብቻ አይበቃውም፤ ለቤቱ የሚጠቅም መሆኑንም ማወቅ ይፈልጋል፡፡

"ዕድሜ ልካቸውን ደክመዋል፣ አሁንስ አይበቃቸውም?" የሚል ካለ እውነት አለው፡፡ እንስራ ሲያዝሉ የኖሩ እናት ወገባቸው ተጎድቷል፡፡ መልሱ ግን ሸክምንና እንቅስቃሴን መለየት ነው፡፡ ሸክሙን ተቀበሏቸው፤ መንገዱን ግን አትውሰዱባቸው፡፡ እንስራውን እናንተ ያዙ፣ እነርሱ አብረዋችሁ ይራመዱ፡፡ ማክበር አንዳንዴ እርምጃን ቀንሶ ከአረጋዊ ጎን መሄድ ነው፡፡

ስግደትና ጾም በእርጅና

"ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋን ልምምድ ከመንፈሳዊው አሳንሶት የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም (1ኛ ጢሞ. 4፡8)፡፡ አዎን፣ አሳነሰው እንጂ አልጣለውም፡፡ ያው ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆድ ሕመሙ ምክር ጽፎለታል (5፡23)፡፡ ቤተ ክርስቲያናችንም አምልኮን ለነፍስ ብቻ አልተወችውም፤ እንቆማለን፣ እንሰግዳለን፡፡ ስግደት ስፖርት አይደለም፤ ለጤና ብቻ ብሎ የሚሰግድ ቁም ነገሩን ስቷል፡፡ ነገር ግን ሥጋ ከነፍስ ጋር ፈጣሪውን እንዲያመሰግን ከተጠራ፣ እስከ መጨረሻው እንዲያገለግል ልንጠብቀው ይገባናል፡፡ አባቶችም የየሰዉን አቅም አስበዋል፡፡ ግንባርን ምድር የሚያስነካ ሰጊድ አለ፤ ጉልበትን የሚያንበረክክ አስተብርኮ አለ፤ ራስን ዝቅ የሚያደርግ አድንኖ አለ፡፡ ጉልበታቸው የታመመ አባት በአድንኖ ቢያመልኩ አምልኳቸው አልጎደለም፡፡

ጾሙም እንዲሁ ነው፡፡ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ይታወቃል፡፡ ሰው ሲያረጅ የውኃ ጥም እንደ ወጣትነቱ አይሰማውም፤ ስለዚህ አረጋውያን ከጾም ሰዓት በኋላ ሳይጠማቸውም ውኃ ይጠጡ፡፡ ደረቅ እንጀራና ቡና ብቻ አይበቃም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ማሾው ሰውነት ይገነባል፡፡ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሳይበሉ ቢውሉ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል፡፡ የስኳርም ሆነ የደም ግፊት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደጋ ነው፡፡ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ተመካከሩ፡፡ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፡፡

ምን እናድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፡፡ በአምስት ቀን ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፡፡ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መመለስ ብዙውን ይሸፍነዋል፡፡ ለጉልበት ከወንበር ላይ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ላለመውደቅ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር ትንሽ መቆም ይረዳል፡፡ ለእጅ ጥጥ መፍተል አለ፤ ለልብ ደግሞ ሰንበቴና ዕድር አለ፡፡ በጀመሩበት ቀን እንደ ወጣት አይሁን፤ ቀስ በቀስ ይጨመር፡፡ ደረት የሚወጋቸው ወይም የሚያዞራቸው ከሆነ ግን ቆመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፡፡

በመጨረሻ አልጋ ለያዛችሁ አባቶችና እናቶች አንድ ቃል አለኝ፡፡ ጉልበት ስጦታ ነው እንጂ ጽድቅ አይደለም፤ ያጣውም አልተረገመም፡፡ ጌታችን ጴጥሮስን ስትሸመግል ሌላ ሰው ያስታጥቅሃል ብሎታል (ዮሐ. 21፡18)፤ ከሐዋርያነት ግን አላሳነሰውም፡፡ ያላችሁ ጸሎት ከሆነ እርሱን ስጡን፤ ቤታችን የቆመው በእርሱ ነው፡፡ ልጆች ሆይ! ነገ ማለዳ ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት "እማማ፣ በእግር አብረን እንሂድ?" ብላችሁ ጠይቁ፡፡ የሚሉትንም ስሙ፡፡

የአረጋውያን አባቶቻችንና እናቶቻችን በረከት አይለየን፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን፡፡