ላልሞተ ሰው መርዶ

አያቴ ሐይቅ ከተማ ቤቷ ውስጥ ቡና እያፈላች ልጇን በሟች ወንድሟ ስም የጠራችው ዕለት ስቀን አለፍነው። ሌላ ቀን አቦሉን ጠጥተን ስኒው ሳይነሳ "አቦል ቀዳሁላችሁ እንዴ?" አለች። ጎረቤት "እርጅና ነው እንግዲህ" አሉ። ጃጀች ለማለት ማንም አልደፈረም፤ ቃሉ ራሱ ያሳፍራል።

ከዚያ ወዲህ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ስለ መቅዳት አብዝቼ አነባለሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። እኛ አገር ኢኢጂ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የሚጥል በሽታ ነው። ራስ ላይ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፣ መርፌ የለም፣ ሕመም የለም። ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው አንጎል በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ገደማ ይመታል። በአልዛይመር ይህ ምት እየዘገየ ይሄዳል። የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ዘዴ ደግሞ ሥዕሎችን በፍጥነት እያሳለፈ፣ አንጎል ቀድሞ ያየውን መለየት አለመለየቱን ያያል። ሦስት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ተመርማሪው ምንም አይጠየቅም።

ይቺ "አይጠየቅም" ለአምባሰል ገበሬ ትልቅ ነገር ናት። ከ30 የሚታረመው የተለመደው የማስታወስ ፈተና ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ቅርጽ ቅዳ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ይላል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ጤነኛ ሆና ትወድቃለች። ሞገዱ ግን ትምህርት ቤት ገብተሽ ነበር ወይ አይላትም።

እሺ፣ ምርመራው አንድ ቀን ሐይቅ ደረሰ እንበል። ውጤቱ ለማን ይነገር?

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ሥርዓት አለው። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰብና ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ሰው የሚሰማው የሚደግፉት እጆች ቀድመው ከደረሱ በኋላ ነው። ይህን ብልሃት እወደዋለሁ። ሕመም ሲሆን ግን ወሬው መጀመሪያ ወደ ልጆች ይሄድና እዚያው ይቀራል። ቤቱ በሙሉ ያውቃል፣ ታማሚዋ ብቻ አታውቅም።

በመርሳት በሽታ ይህ ዝምታ ከሌላው ሕመም ሁሉ የከፋ ይመስለኛል። መሬቱን ማን ይያዝ፣ ማን ያስታመኝ፣ የት ልቀበር የሚለውን መወሰን የምትችለው አሁን ነው። ከረሳች በኋላ ቢነግሯት ምን ሊጠቅማት? ደግሞም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማስተዋል ያሳጣን እርጅና ከአእምሮ ሕመም ጎን አስቀምጦታል። ወረቀቱ ቀድሞ ስግብግብ ልጅ እጅ ከገባ "እናታችን ድሮም ራሷን አታውቅም" ብሎ ኑዛዜዋን ለመሟገት ይነሳል።

እዚህ ላይ ውጫሌ ትዝ ትለኛለች፤ አምባሰል ውስጥ ናት። (ስለ መርሳት ሲጻፍ የትዝታን ቅኝት መጥራት ስለተለመደ እኔ ልተወው።) በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ፣ አማርኛው "ይችላሉ" ያለውን ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። የአንጎል ሞገድም የሚለው "ሊሆን ይችላል" ብቻ ነው። ምቱን የሚያዘገየው እንቅልፍ፣ መድኃኒት፣ የታይሮይድ ችግር ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሊሆን ይችላል፣ ከእነዚህ ውስጥ የሚታከም አለ። ቤተሰብ ጆሮ ሲደርስ ግን "ሊሆን ይችላል" ወዲያው "ነው" ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ማስረጃ ነው፤ እኔም እኮ ቁልፍ ይጠፋብኛል።

ስለዚህ ጥያቄው ከማሽኑ መቅደም አለበት እላለሁ፤ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይ? ከማን ጋር ሆነሽ? አልፈልግም ካለች ደግሞ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ውጤቱን የማየት መብት የለንም። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሐይቅ ሄጄ እንዲያው በወሬ መሃል ጠየቅኋት። "እምዬ፣ እንዲህ ያለ ምርመራ ቢመጣ ይነገረኝ ትያለሽ?"

ረከቦቱን እያስተካከለች "መጀመሪያ የሚሰማው ማነው?" አለችኝ።

"አንቺ።"

"እንግዲያው ይነገረኝ። ብቻ በንጋት እንዳትመጡብኝ" አለችና ቶናውን ቀዳች።