የተሰናባቹ ጥያቄ፦ ማን ይፈልገኛል?

ከእስራኤል ሠራዊት መሰናበት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ወጣቱ ቴል ሃሾሜር ወደሚገኘው የጦር ሰፈር ሄዶ ዕቃውን ያስረክባል፣ የወታደር መታወቂያው ይቆረጣል፣ በባቡር ወደ ከተማው ቂርያት ጋት ይመለሳል። መንግሥት ፒቃዶን የሚባለውን ገንዘብ አዘጋጅቶለታል፤ ለትምህርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ንግድ ለመጀመር ይሆነዋል። ትልቅ ድጋፍ ነው። ጠዋት ለምን ከአልጋው እንደሚነሣ ግን አይነግረውም።

ብዙዎቻችን ዓላማን እንደ ጠፋ ቁልፍ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር እናደርገዋለን። ወጣቱንም «ራስህን መርምር፣ የምትወደውን ለይ» እንለዋለን። ይህ ምክር ለተሰናባች እምብዛም አይረባም። እሱ በሠራዊቱ ውስጥ ዓላማውን ፈልጎ አላገኘውም። ዘብ የሚቀይረው፣ ውኃ የሚያካፍለው፣ ቢቆስል የሚሸከመው ጓደኛ ስለነበረ ብቻ ዓላማ ነበረው። ከናዚ ማጎሪያ የተረፈው የቪየና ሐኪም ቪክቶር ፍራንክልም በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ትርጉም የሚያገኘው ከራሱ ውጭ ላለ ሥራ ወይም ሰው ሲኖር እንደሆነ ተከራክሯል። እኔም ከዚያ ወገን ነኝ፤ መጀመሪያ የሚፈልገን ሰው ሊኖር ይገባል፣ ዓላማው የሚመጣው ከኋላ ነው።

በእኛ በኢትዮጵያ አይሁዶች ማኅበረሰብ ደግሞ ነገሩ ሌላም ክብደት አለው። ከአባቶቻችን መካከል በደርግ ሠራዊት ያገለገሉ አሉ። ያ ሠራዊት በ1991 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ተበተነ፤ መለዮውን እንደለበሰ በአዲስ አበባ ጎዳና የለመነም ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ከ14,000 በላይ ወገናችን በሰሎሞን ዘመቻ ወደዚህ ወደ እስራኤል ገባ። ጎንደር ላይ ያርስ፣ ብረት ይቀጠቅጥ፣ የተጣላ ያስታርቅ የነበረው አባት እዚህ ደብዳቤ የሚያነብለት ልጁ ሆነ። ልጁ መለዮ ሲለብስ የቤቱ ክብር አብሮ ቀና አለ፤ ሲያወልቀውስ?

እንዲህ ባለ ቤት ሳሎን ውስጥ ሁለት የቀድሞ ወታደሮች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሽማግሌ፣ ሌላው ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ። ቡናው ይፈላል፣ እናት «ብላ እንጂ ልጄ» ትላለች፣ እሱ ዓይኑን ከስልኩ አያነሣም። የመኪና በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ አባቱ ያያል፣ ግን አይጠይቅም። አባት የኢትዮጵያን የሰሜን ጦርነት፣ ልጅ ጋዛን ሆድ ይፍጀው ብለዋል። ጨዋነታችን ነው፤ ልጆቻችንን እየጎዳ ያለውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለተሰናባች ቀድሞ ሊደርስለት የሚችለው ያንኑ የቀመሰ ሌላ ተሰናባች ነው። እዚህ ላይ ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የራሴን ባዶነት ለመሙላት ጓደኛዬን የምረዳ ከሆነ እየተጠቀምኩበት አይደለም? ካንት ሰውን መጠቀሚያ ብቻ አታድርጉት ይለናል። ጓደኞቹን ሆስፒታል የሚያመላልስ፣ ፎርም የሚሞላላቸው፣ እሱ ግን ሌሊቱን ዓይኑን የማይከድን ተሰናባች አለ። ደግነቱ እውነተኛ ነው፤ መሸሸጊያውም ሆኗል። የሚለየው አንድ ነገር ይመስለኛል፦ ተራው ሲደርስ እሱም መረዳትን ይፈቅዳል ወይ? በሠራዊቱ ውስጥ ሁልጊዜ ተሸካሚ ብቻ የሆነ አልነበረም፤ ዛሬ የተሸከመ ነገ ይሸከሙታል። ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ የሆነ ሰው ጓድ መሆኑ ቀርቶ አለቃ ሆኗል።

አንተ የተሰናበትክ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ድምፁ ለጠፋ አንድ ጓዳችሁ ደውሉ። ምክር አታብዙበት፤ ዕቃ እንዲያግዛችሁ፣ ታናሽ ወንድማችሁን ሒሳብ እንዲያስጠና ለምኑት። የራሳችሁንም ሌሊት ንገሩት። መኖር አልፈልግም ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በእስራኤል የሥነ ልቦና የስልክ እርዳታ የሚሰጠው የኤራን ቁጥር 1201 ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል።