መንገድ በሚሠራበት ስፍራ መኪና ለሚነዳ ወጣት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ 18 ዓመት ሞልቶህ መንጃ ፈቃድ በተቀበልህ ጊዜ፣ አባትህ ቁልፉን ሲሰጥህ መኪናውን ብቻ የሰጠህ አይምሰልህ። በመንገድ ላይ የሚገኘውን ሰው ሁሉ ሕይወት በአደራ አስረክቦሃል። አደራውም የሚፈተነው መንገዱ በተቆፈረበት ስፍራ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በአዲስ አበባ ብዙ ጎዳና ተቆፍሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠዋት ያለፍህበትን መንገድ ማታ ጠቦ ወይም ተዘግቶ ታገኘዋለህ፤ ስለዚህ መንገዱን አውቀዋለሁ ማለትህ ራሱ ያታልልሃል። የእግረኛው መንገድ ሲፈርስም ሽማግሌው በምርኵዙ፣ እናት ልጅዋን አዝላ፣ ተማሪውም ከነደብተሩ ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። አንተም ተቈጥተህ ጡሩምባ ትነፋባቸዋለህ፤ ነገር ግን ወዴት ይሂዱ?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ያልፋል። ስልክህን ለማየት ሁለት ሴኮንድ ብቻ ዓይንህን ከመንገዱ ብታነሣ፣ 33 ሜትር ያህል እንደ ዕውር ነድተሃል። በዚያም ርቀት ውስጥ ዶማ የያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል፤ የማሽኑም ጩኸት መምጣትህን አያሰማውም። ደግሞም ፍጥነትህን ከ30 ወደ 60 ብታሳድግ፣ ፍሬን ከያዝህ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ ሁለት እጥፍ አይደለም። ጠጠርና ጭቃ ሲኖርበት ከዚያም ይብሳል።

ይህን የምጽፍልህ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በጕብዝናዬ ወራት አንድ ምሽት ቸኵዬ ሳለሁ፣ ባንዲራ ይዞ ያቆመኝን ሠራተኛ ሰደብሁት። እርሱም ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ በቀስታ ሲያሳልፈኝ፣ ከጎማዬ አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ አየሁ፤ በውስጡም ሦስት ሰዎች ቧንቧ ያያይዙ ነበር። ተመልሼ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ነገር ግን ከኋላዬ የተሰለፉት ሲጮኹብኝ ሄድሁ። እስከ ዛሬም አልጠየቅሁትም።

ደጉን ሳምራዊ የተጎዳውን ስላነሣ እናመሰግነዋለን። ሰው እንዳይጎዳ በቀስታ ማለፍም ያው ፍቅር መሆኑን ግን እንዘነጋለን።

እንግዲህ ምልክቱን ከሩቅ ስታይ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ኮኖቹ ዘንድ እስክትደርስ አትጠብቅ። ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ ከኋላ መግጨት የተለመደ አደጋ ነውና። መስመሩ ሲጠብ አትሽቀዳደም። በሌሊትም ምልክቱ ድንጋይና ቅጠል ብቻ ሊሆን ይችላልና አስተውል። (ሥራውን ጨርሶ ድንጋዩን በመንገድ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ሌላ ስብከት ያስፈልገዋል።)

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ከመንዳቱ በፊት በተቆፈረው ጎዳና አጠገብ በእግሩ ውሰዱት። እግረኛው የሚረግጠውን ጠባብ ስፍራ ይርገጥ፤ መኪና ሲያልፍም ነፋሱ ልብሱን ሲያወዛውዝ ይወቅ። ከዚያ በኋላ ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ ያንኑ መንገድ ይንዳ፤ በመጀመሪያ በቀን፣ ኋላም በምሽት። ስልኩም በእናንተ ኪስ ይሁን።