የቆላው ሰው መደብ

በወሎ ቦረና የሚኖሩ አሥራ ሁለት አባወራዎች ለፋሲካ ደጋው ላይ ቅርጫ ገቡ አሉ። የአንደኛው ቤት ቁልቁል፣ ወደ ዓባይ በረሃ ነበር። መዋጮውን ግን ከሁሉም ቀድሞ ከፈለ። በሬው ታረደ፤ ሥጋው በቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ሆነ። ከጉበቱም ከጎድኑም ከሽንጡም ለሁሉም ደረሰ። እጣ ተጣለ፤ ቅር ያለው አልነበረም።

የቆላው ሰው ድርሻውን በትከሻው አድርጎ ወረደ። መንገዱ የግማሽ ቀን ነው፤ ፀሐዩ የሚያዝያ ነው። በማግስቱ ለጥየቃ የወረዱት፣ ሥጋውን ያከፋፈሉት ሽማግሌ ከሥጋው እኩሌታው ተበላሽቶ ለውሻ ሲጣል አዩ። እናትየው የተረፈውን ጠብሳ ለልጆቹ ስታድል ለራሷ አላስቀረችም። ሽማግሌው የቀረበላቸውን ቀመስ አድርገው ዝም ብለው ወጡ።

ለዓመቱ፣ እጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ሽማግሌው ከየመደቡ ቁራጭ ቁራጭ እያነሱ ለቆላው ሰው ለብቻ አኖሩለት። አንድ ጎልማሳ አላስቻለውም።

«አባቴ፣ ሁላችንም እኩል አዋጥተን የለም እንዴ? ምነው ለእሱ አዳሉ?»

«እውነትህን ነው ልጄ። እንግዲያው የዘንድሮውን አንተ አድርስለትና ደጁ ላይ መዝነው» አሉት።

ጎልማሳው ተሸክሞ ወረደ። ሲመለስ መሽቷል። ስለ መደቡ ዳግም አላነሳም፤ «ከርሞ እርዱን ለምን አፋፉ ላይ አናደርገውም?» ብቻ አለ።

የጤና በጀት ሲከፋፈል ይህ ጎልማሳ ይታወሰኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62 ክልሎች የሚያገኙትን የፌዴራል ድጎማ ቀመር ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል፤ ክልሉም የደረሰውን በራሱ ቀመር ለወረዳ ያድላል። ቀመሩ ክፋት የለበትም፤ የወጪ ፍላጎትንም ያያል። ግን የሕዝብ ቁጥር ሚዛን ይደፋል። ጤና ኬላም የሚቆጠረው በሰው ቁጥር ነው፦ በገጠር አንድ ኬላ ለ5,000 ሰው፣ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው። አስፋልት ዳር ባለ ሜዳ 5,000 ሰው ማለት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በእግር የሚዳረስ መንደር ነው። ከቦረናዋ መካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርዱት ቀበሌዎች ግን ያው 5,000 ሰው በየገደሉ ተበትኗል፤ አንድ ቤት ለመጠየቅ ቀኑ ያልቃል። የወረዳው ገንዘብ ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለነዳጅና ለመድኃኒት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የወሎው ተሁለደሬ አንዱ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ግን እዚያም መዋጮው ቆላ ደጋ አይልም። የቆላው ገበሬ እንደ ሁሉም ይከፍላል፤ ሲታመም ሐኪሙ ጋ ለመድረስ የሚያወጣውን ግን የመድኑ ደብተር አይሸፍንለትም። እኔ የምለው፣ መንገዱም ከሕመሙ እኩል ይመዘን ነው።

ምጥ የጠናባት ሴት ዳገቱን በቃሬዛ ስትወጣ ወንዶቹ እየተፈራረቁ ይሸከሟታል። አምቡላንሱ መንገዱ ካበቃበት አፋፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በጀቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ በታች ያለው የሰው ትከሻ፣ የተፈታው በሬ፣ ሳይታረስ የዋለው ማሳ በማንም መዝገብ የለም። የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ትከሻ ሊለዋወጡ ያሳርፏታል። እናቷ ጎንበስ ብላ የተንሸራተተውን ጋቢ ትመልስላትና ቀና ብላ አፋፉን ታያለች።